የሞተው ረቂቅ አልተቀበረም፦ ኤች.አር. 4437 እና እኛ የገባንባቸው በሮች

ታኅሣሥ 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ዓርብ ምሽት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት አካባቢ ከሚገኙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሃያ የምንሆን ሰዎች ተሰብስበን ነበር። የመጣንበት ጉዳይ ለሁላችንም ግልጽ ነው። የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ከታሰሩ ወር አልፏቸዋል፤ በሰኔና በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ የወደቁት ወጣቶች ሐዘን ገና ከቤታችን አልወጣም። ለእስረኞች ቤተሰብ ገንዘብ አዋጣን፤ ለኮንግረስ አባላት የሚላክ ደብዳቤ አረምን፤ ስለሚቀጥለው ሰልፍ ተከራከርን። ስንለያይ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር።

ከተቀመጥንበት እስከ ካፒቶል በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚያው ምሽት፣ እዚያው ካፒቶል ውስጥ፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኤች.አር. 4437 የተባለውን ረቂቅ ሕግ በ239 ድጋፍና በ182 ተቃውሞ አሳለፈ። ረቂቁ ያለ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ መኖርን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ፣ በሜክሲኮ ድንበር ላይ እስከ 700 ማይል የሚደርስ አጥር የሚያሳጥር ነበር። በውስጡም ብዙዎቻችን እህት ወንድሞቻችንን ያየንበትን የዲቪ ሎተሪ ጨርሶ የሚሰርዝ አንቀጽ ነበረበት። ከሃያዎቻችን አንድም ሰው ይህን ጉዳይ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ስለ ረቂቁ በራዲዮ ሰምቼ ነበር፤ ነገር ግን «ይሄ የሜክሲኮዎች ጉዳይ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ያለፈ ነገር ማንሳቴ አለምክንያት አይደለም። ኤች.አር. 4437 ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተከታተልኳቸው የድንበር ረቂቆች አንድ ነገር አስተምረውኛል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ታሪክ ውስጥ የሞተ ረቂቅ አይቀበርም፤ እየተቆራረጠ በሌላ ሕግ ሆድ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። እኛን የሚነካው ቁራጭ ደግሞ ሁልጊዜ የእኛ ስም የለበትም። ይህን ለማሳየት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። (ካልገለጽኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ድንበር ጠባቂ ማንን ያሳድድ ነበር?

ዛሬ ስለ ድንበር ሲወራ በሁላችንም ዓይነ ኅሊና የሚመጣው የሜክሲኮ ድንበር፣ በረሃውና ወንዙ ነው። በታሪክ ግን በዚያ ድንበር ላይ በፈረስ የተሰማሩት የመጀመሪያዎቹ የኢሚግሬሽን ተቆጣጣሪዎች ሜክሲኮዎችን አያሳድዱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 አሜሪካ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ቻይናውያኑ በመርከብ መግባት ሲከለከሉ በሜክሲኮ በኩል ዞረው መግባት ጀመሩ። ከ1904 ጀምሮ በፈረስ የተሰማሩት ጥቂት ጠባቂዎች ሥራቸው እነሱን መያዝ ነበር። በሩ ተዘጋ፤ መስኮቱ ተሞከረ፤ ለመስኮቱ ዘበኛ ተቀጠረ። የዚህ አገር የድንበር ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 ይህ አሠራር ለዓለም ሁሉ ተዘረጋ። በዚያ ዓመት በሜይ 26 የጸናው ሕግ ለእያንዳንዱ አገር ዓመታዊ ኮታ ሰጠ። ስሌቱ በ1890ው የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት የዚያ አገር ተወላጆች 2 በመቶ ነው። ቆጠራው ሆን ተብሎ ወደ ኋላ የተጎተተው ከ1890 በኋላ በብዛት የገቡትን ጣልያኖችን፣ ፖላንዶችንና አይሁዶችን ለመቀነስ ነበር። ለጀርመን 51,227 ሰው ሲፈቀድ ለጣልያን 3,845 ብቻ ተፈቀደ። በዝርዝሩ ውስጥ የእኛም አገር ስም አለ። «ኢትዮጵያ (አቢሲኒያ)» ይላል፤ ቁጥሩ 100 ነው። መቶ ማለት ለማንም የማይቀርበት የመጨረሻው ትንሹ ኮታ ነበር። ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው ጣልያን ሦስት ሺሕ ስምንት መቶ፣ እኛ መቶ! ያም ሆኖ በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሰደድ ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ ያዘነበትም የተቆጨበትም አልነበረም።

ልብ ልንለው የሚገባን ሌላ ቀን አለ። የድንበር ጠባቂው ፖሊስ የተቋቋመው ሜይ 28 ቀን 1924፣ ማለትም የኮታው ሕግ በጸና በሁለተኛው ቀን ነው። አጥርና በር መንትያ ናቸው። በሩ በጠበበ ቁጥር ዘበኛው ይበዛል፤ ዘበኛው ሲበዛ ደግሞ «ሕገ ወጥ» የሚባለው ሰው ቁጥር ይጨምራል። «እኔ ወረፋዬን ጠብቄ ነው የገባሁት» ለሚሉ ወገኖቼ ይህን ማስታወስ እወዳለሁ። ወረፋውን የሚሠራው ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ሥር ተቀምጠው የኮታውን ሥርዓት የሻረውን ሕግ ባይፈርሙ ኖሮ፣ የእኛ ወረፋ መቶ ሰው ላይ ያበቃ ነበር።

እኔ የገባሁበት በር

የራሴን ታሪክ ባጭሩ ልናገር። ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ1978 በተማሪነት ነው። አገር ቤት ቀይ ሽብር ነበር፤ ፓስፖርቴ ሲቃጠል የሚያድስልኝ ኤምባሲ የደርግ ኤምባሲ ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ከ1977 ጀምሮ ኢትዮጵያውያንን በግድ ላለመመለስ ወስኖ ስለነበር፣ እንደኔ ያለው ሁሉ በዚያ ውሳኔ ጥላ ሥር ተጠልሎ ይኖራል። ጥላ ነው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ጥበቃው ሊነሳ ነው ሲባል የተሰማንን ፍርሃት ያየ ያውቀዋል። ከብዙ ጩኸትና አቤቱታ በኋላ ከ1980 አጋማሽ በፊት ለገባነው ጸንቶ ቆየ። አንድ ወዳጄ በዚያ ዘመን ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ አያውቅም ነበር።

ግሪን ካርድ ያገኘንበት ሕግ የኢሚግሬሽን ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1987 የጸደቀው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የበጀትና የሥራ ፈቃድ ሕግ ነው። በዚያ ረጅም ሕግ ውስጥ፣ ስለ ኤምባሲዎችና ስለ ዲፕሎማቶች ከሚያወሩት ምዕራፎች መካከል፣ ቁጥር 902 የተባለች አንቀጽ አለች። እንደኔ ባለ ጊዜያዊ ጥላ ሥር የነበሩ ፖላንዶች፣ አፍጋኖች፣ ኡጋንዳዎችና ኢትዮጵያውያን ቋሚ መኖሪያ እንዲያገኙ ትፈቅዳለች። እኔ የዛሬው ኑሮዬን የሠራሁት በዚያች አንቀጽ ላይ ነው። ስለ አንቀጿ የሰማሁት ከጠበቃ እንጂ ከጋዜጣ አልነበረም።

ሌሎቹ በሮችም እንዲሁ በሌላ ሰው ስም የተከፈቱ ናቸው። ፕሬዚዳንት ካርተር በማርች 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ሲረቀቅ በአእምሮ የነበሩት በዋነኛነት የቬትናምና የአካባቢዋ ስደተኞች ነበሩ። ነገር ግን ሕጉ ስደተኛን ከኮሚኒስት አገር በመምጣቱ ሳይሆን በሚደርስበት ስደት ስለለካው፣ በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ወገኖቻችንም ገቡበት፤ በ1980ዎቹ ከአፍሪካ ከገቡት ስደተኞች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዲቪን ደግሞ የወለደው የ1990ው ሕግ ነው። በሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲና በባልደረቦቻቸው ልብ ውስጥ የነበሩት ያለ ወረቀት ቦስተንና ኒውዮርክ የሚሠሩ አየርላንዳውያን ነበሩ። ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ በዓመት 55,000 ቪዛ ሲከፈት ግን ዕድሉን በብዛት ካገኙት አገሮች ተርታ ኢትዮጵያ ገባች። ለአየርላንዳዊ የተጠረበ በር ለሐበሻ በቃ።

በሌላ ሕግ ሆድ ውስጥ የመጣ መዝጊያ

በር እንዲህ ተደብቆ የሚከፈት ከሆነ ተደብቆም ይዘጋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 የፈረሙት ሕግ በመንግሥቱ የወጪ በጀት ውስጥ ተጠቃሎ የመጣ ነበር። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አገር ውስጥ በገባ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ማመልከት አለበት የሚለው ደንብ የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ዓመት ያለ ፈቃድ የቆየ ሰው ከአገር ከወጣ አሥር ዓመት እንዳይመለስ የሚከለክለውም፣ የአካባቢ ፖሊስ ከፌደራል መንግሥት ጋር ተዋውሎ የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅደውም እንዲሁ ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የመጣው በኔ ቤት ገብቷል። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሪል አይዲ የተባለውን ሕግ የፈረሙት ሜይ 11 ቀን 2005 ነው። ለብቻው አልቀረበም። ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት፣ እንዲሁም በሱናሚ ለተጎዱ አገሮች በሚሰጥ ገንዘብ ሕግ ላይ ተለጥፎ ነው ያለፈው፤ ሴኔቱ በ100 ለ0 ድምፅ አጸደቀው። ለወታደር ስንቅ እምቢ የሚል ሴናተር ከየት ይመጣል? ሕዝቡ ስለ መንጃ ፈቃድ የሚያወራ ሕግ ነው ብሎ ያስበው ነበር። በውስጡ ግን የጥገኝነት ጠያቂን ቃል እንዴት መመዘን እንደሚገባ የሚያዙ አንቀጾች ነበሩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚቀርብ ማመልከቻ ዳኛው ማስረጃ አምጣ ማለት ይችላል። በቃልህ ውስጥ የተገኘ ስንጥቅም ለጉዳይህ ዋና ፍሬ ነገር ባይሆን እንኳ ሐሰተኛ ሊያሰኝህ ይችላል።

ሜይ 11 በኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1997 ነው። ከአራት ቀን በኋላ ግንቦት 7 ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለምርጫ ሲሰለፍ፣ ከምርጫው በኋላ ለሚሰደዱት ልጆች የሚጠብቃቸው ሚዛን አስቀድሞ ተለውጦ ነበር።

የእህቴ ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1998 ዓ.ም. ከሰፈሩ ታፍሶ ደዴሳ ተወሰደ። ከወራት በኋላ ተለቀቀ፤ በ2006 እዚህ እኔ ቤት ደረሰ። ማመልከቻውን የሞላለት ሰው «ጥቅምት»ን «ኦክቶበር» ብሎ ተረጎመው፤ 25ቱን ግን እንዳለ ተወው። እኔም አንብቤ ፈረምበት አልኩት። በቃለ መጠይቁ ዕለት መርማሪው የአዲስ አበባ ግርግር የጀመረው ኖቬምበር 1 እንደሆነ ከፊቱ ካለው ዘገባ አነበበ። «አንተ ግን ግርግሩ ሳይጀመር በኦክቶበር 25 ታሰርኩ ትላለህ» አለው። ልጁ በአማርኛ ትክክለኛውን ቀን ተናገረ፤ አስተርጓሚው ኖቬምበር 4 አለ፤ እንግዲህ ቃሉ ከወረቀቱ ጋር ተጋጨ። ደዴሳ የታሰርክበትን ወረቀት አምጣ ተባለ። ደዴሳ ለማን ወረቀት ሰጥቶ ያውቃል? ጉዳዩ ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ተላለፈ። ስለ አሥራ ሦስቱ ወሮቻችን ለዳኛ እስኪብራራና ጥገኝነቱ እስኪፈቀድለት ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቱ አገር ቤት አረፈች፤ ሄዶ አልቀበራትም።

ግንቦት 1997 ላይ እኔ የምርጫ ውጤት ስቆጥር ነበር። የጦርነት በጀት ውስጥ ያለ አንቀጽ የእህቴን ልጅ ሁለት ዓመት ይበላል ብሎ ማን ያስባል?

የዓርብ ምሽቱ ረቂቅ ዕጣ

ወደ ኤች.አር. 4437 ልመለስ። ረቂቁን ያቀረቡት የዊስኮንሲኑ ተወካይ ጄምስ ሴንሰንብሬነር ናቸው። ሪል አይዲንም ያመነጩት እሳቸው ነበሩ። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ የደገፉት ሪፐብሊካኖች ብቻ አልነበሩም፤ 36 ዲሞክራቶችም ድምፃቸውን ሰጥተውታል። አንድ አገር ድንበሩን የመቆጣጠር መብት እንዳለውም አልክድም። ድንበሩን ያጣ አገር ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ ማስተማር አያስፈልግም። የኔ ክርክር ሌላ ነው። «የድንበር ጥበቃ» ተብሎ የቀረበው ረቂቅ አብዛኛው ነገሩ ድንበር ላይ አልነበረም። ቀጣሪው የሠራተኛውን ሁሉ ወረቀት በመንግሥት መዝገብ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ወረቀት የሌለውን ሰው የረዳና ያስጠጋ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር በር ይከፍታል። አዲስ የመጣን ሰው ቤዝመንት ውስጥ ያላሳደረ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ!

ይህን ቀድመው የተረዱት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። የሎስ አንጀለሱ ካርዲናል ሮጀር ማሆኒ በማርች 2006 የጾም መግቢያ ላይ፣ ረቂቁ ሕግ ሆኖ ቢወጣ ካህናቶቻቸው እንዳይታዘዙት እንደሚያዙ በይፋ ተናገሩ። በዚያው ወር ቺካጎና ሎስ አንጀለስ፣ ኤፕሪል 10 ቀን ዋሽንግተንን ጨምሮ ከመቶ በሚበልጡ ከተሞች፣ ሜይ 1 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ ሕዝብ ወጣ። እኔ በምሳለምበት ደብር ግን በዚያ ዓቢይ ጾም ስለ ረቂቁ ሲነገር አልሰማሁም። ኤፕሪል 10 ቀን ሞሉን ያጥለቀለቀውን ሰልፍ ያየሁት ከሥራ ስመለስ በቴሌቪዥን ነው።

ሴኔቱ በሜይ 25 ቀን 2006 የራሱን የተለየ ረቂቅ በ62 ለ36 አሳለፈ። ሁለቱ ሳይታረቁ ቀሩ፤ ኤች.አር. 4437 ሞተ ተባለ። በዚያው ጊዜ እኛ ኢትዮጵያን በሚመለከቱት ረቂቆች ተጠምደን ነበር። በ2007 ኤች.አር. 2003 ኦክቶበር 2 ቀን የተወካዮቹን ምክር ቤት ሲያልፍ ስንቶቻችን በደስታ አልቅሰናል! እሱም ሴኔት ደርሶ ቀረ። ሁለት ረቂቆች፣ አንድ ዓይነት ዕጣ። ልዩነቱ የኛው ረቂቅ በዚያው መቅረቱ፣ የድንበሩ ግን መነሣቱ ነው።

ቁርጥራጮቹ

መጀመሪያ የተነሣው አጥሩ ነው። ረቂቁ ሕዝብ ምክር ቤቱን ካለፈ ዓመት ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2006፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ 700 ማይል ያህል አጥር የሚያዘውን ሕግ ለብቻው ፈረሙ። ከዚያ የዲቪው አንቀጽ መጣ፤ የመጣውም ከወዳጅ እጅ ነው። በጁን 27 ቀን 2013 ሴኔቱ በ68 ለ32 ያሳለፈው ትልቁ የማሻሻያ ረቂቅ ለሚሊዮኖች የዜግነት መንገድ የሚከፍት፣ ስደተኛው ሁሉ ያጨበጨበለት ነበር። በዚያው ውስጥ ዲቪ ተሰርዟል። ከረቂቁ ስምንት አባቶች አንዱ በ1990 ዲቪ እንዲወለድ የረዱት ቻርልስ ሹመር ነበሩ! እሱም በተወካዮች ምክር ቤት ቀረ። የቀጣሪው ማረጋገጫ ደግሞ በሜይ 11 ቀን 2023፣ በ219 ለ213 ድምፅ ባለፈ ሌላ የድንበር ረቂቅ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ብቅ አለ። ይኸኛውም ሴኔት ላይ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ነገሩ ተለወጠ። በጃንዋሪ 29 የተፈረመው ሕግ፣ ወረቀት የሌለው ሰው በሱቅ ስርቆት እንኳ ከተጠረጠረና ከተያዘ፣ ሳይፈረድበት የግድ እንዲታሰር ያዛል። በጁላይ 4 የተፈረመው የግብርና የበጀት ሕግ ለአጥሩ 46 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ለእስር ቤቶች 45 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ይህም የበጀት ሕግ እንጂ የኢሚግሬሽን ሕግ ተብሎ አልቀረበም። በ1996 በበጀት፣ በ2005 በጦርነት ገንዘብ፣ በ2025 በግብር። ዘዴው አርጅቷል፤ እኛ ግን እያንዳንዱን ጊዜ እንደ አዲስ እንደነግጣለን።

እኛስ?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አባቶቻችን። የኛ የዲያስፖራ ምሁራን የፖለቲካ ሕይወት አገር ቤት ነው፤ ኑሯችን ግን እዚህ ነው። ስለ አዲስ አበባ የሚወጣ መግለጫ ኮማው ሳይቀር እንከራከርበታለን። እህቶቻችን በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ በየትኛው እንደሚባረሩ የሚወስነውን ሕግ ግን ጠበቃ እስኪነግረን እንጠብቃለን። አገራችንን እንርሳ እያልኩ አይደለም፤ እኔም በዚያ ዓርብ ምሽት በመሰብሰቤ አልጸጸትም። የምጸጸተው ከሃያ ሰዎች መካከል አንዱ እንኳ፣ ምናልባትም እኔ፣ «ሌላም ደብዳቤ እንጻፍ» ባለማለቱ ነው። ኤንቨሎፑ ተገዝቷል፤ አድራሻው ያው ኮንግረስ ነው።

እንግዲህ የድንበር ረቂቅ በቀረበ ቁጥር ስለ አጥሩ ከሚነገረው አልፈን እስከ መጨረሻው ገጽ እናንብበው። በጀትም ሲሆን እናንብበው። በየደብሩ፣ በየመስጊዱ፣ በየእድሩ ይህን የሚያነብ አንድ ሁለት ወጣት ጠበቃ አይጠፋም፤ ዛሬ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ከኛ የተሻለ ያነቡታል። የእህቴ ልጅ አሁን የሁለት ልጆች አባትና ዜጋ ነው። ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የአዲስ መጤዎችን ማመልከቻ ያያል፤ መጀመሪያ የሚያየው ቀኖቹን ነው። ጥቅምት የተጻፈበት ቦታ ሲደርስ በቀይ ያከብበዋል።

ነግ በኔ ማለት ይህ ይመስለኛል። ቸር ወሬ ያሰማን።